ገብስማው የተሸከመው

ሐረገወይን ፍርሃት የምታበዛ ሴት ነበረች። አንዳንዱ ሰው ጸሎት ያበዛል፣ አንዳንዱ ወሬ፤ የእሷ ድርሻ ፍርሃት ነው። ደመና ሲጠቁር ለጣሪያዋ፣ ደመና ሲጠፋ ለጓሮ ጎመኗ ትሰጋለች። ዶሮ ስታስታቅፍ ሃያ አንዱን ቀን ሙሉ ዕረፍት የላትም፤ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ለፀሐይ ታሳያቸዋለች፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣቸዋለች፣ መልሳ ትደረድራቸዋለች። የታቀፈችው ዶሮ ራሷ ተሰላችታ እየተነሣች ትሄድባታለች። ጎረቤት ይስቅባታል፤ እኔ ግን አልስቅባትም። ከወለደቻቸው አራት ልጆች ሦስቱን ቀብራለች። ባሏም በጣሊያን ጊዜ ወገራ ላይ እንደ ወጣ ቀርቷል። አንዲት የተረፈችላትን ልጇን አስናቀችን አዝላ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ከቀሐ ወንዝ በላይ አንዲት ሣር ቤት ይዛ፣ ዶሮ አርብታ፣ እንቁላሉን ለመምህራንና ለሹማምንት ቤት እየሸጠች ልጇን አሳድጋ ዳረቻት።

አስናቀችን ያገባት አለኸኝ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ደንቢያ ውስጥ፣ ቆላ ድባ ገበያ ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል፣ አፉ ቁጥብ፣ እጁ ፈጣን ሰው ነበር። ሐረገወይን ልጁን ወደደችው፤ አገሩን ግን ጠላችው፤ ደንቢያ ወባ አለ። በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የፈራችው ደረሰ። በዚያ ክረምት ደንቢያ ውስጥ በሽተኛ የሌለበት ቤት፣ ልቅሶ ያልገባበት ደጅ ጥቂት ነበር። በሐምሌ አጋማሽ አለኸኝ ሚስቱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና አሳፍሮ እናቷ ደጅ አወረዳት። አስናቀች የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች፣ እናቷን እንኳ አላወቀቻትም።

ሐረገወይን ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ ልጇን ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ መራራ ክኒን ሰጧት። ቀጥላ ለማንም ሳትናገር፣ ለአማቿም ሳትናገር፣ ባለ ዛሯ እማማ ጽጌሬዳ ዘንድ ሄደች። እማማ ጽጌሬዳ ጭዳ አዘዙላት። ገብስማ አውራ ዶሮ በበሽተኛዋ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ በቀኝ፣ ሦስት ጊዜ በግራ ይዞርና ከቤቱ ጀርባ ይወረወራል።

"ከሞተ በሽታውን ይዞት ሄደ" አሏት። "ካልሞተ ግን ተሸክሞት ይኖራል። ያን ጊዜ እንዳይታረድ፣ እንዳይሸጥ፣ ከግቢሽም እንዳይወጣ። ቢላዋ ባረፈበት ቀን ሸክሙ ወደ መጣበት ይመለሳል።"

ከዶሮዎቿ መካከል ገብስማ አንድ ብቻ ነበር፤ ገና ድምፁ ያልጠራ ጎረምሳ። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ልጇ ዓይኗን ጨፍና እያቃሰተች፣ ሐረገወይን ሁለቱን እግሮቹን ይዛ አዞረችው። "ከልጄ ላይ ውረድ፤ የፈለግኸውን ውሰድ፤ እኔንም ውሰደኝ" አለች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ባላት ኃይል ወረወረችው። ዶሮው ጭቃው ላይ ተንከባለለ። ተነሣ፣ ላባውን አራገፈና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቶ ጮኸ።

በሳምንቱ ትኩሳቱ አስናቀችን ለቀቃት። ክኒኑ ይሁን ዶሮው እግዜር ያውቃል። ሐረገወይን ግን አውቃለሁ ባይ ነበረች፤ ዶሮው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሥርዓት ተገለበጠ። ጥሬ ሲበተን መጀመሪያ ገብስማው በልቶ እስኪጠግብ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። መንገድ ላይ ከቆመ ሐረገወይን ዞራ ታልፋለች። ቆይታማ አንቱታ ጀመረች፤ "ይብሉ አባቴ፣ ይለፉ" ስትለው አስናቀች ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም። በሽታ የተሸከመን ፍጡር ማስቀየም ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል?

ገብስማው በበኩሉ ስለ ሸክሙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህች ረጅም ቀሚስ የለበሰች ፍጡር በመጣ ቁጥር ትሸሻለች። መስከረም ሲጠባ ግቢው የእሱ መሆኑን ወስኖ ጨርሷል። መጀመሪያ አንድ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ በጎን በጎን ይዞራት ጀመር። ቀጥሎ የቀሚሷን ጠርዝ ነከሰ። በሦስተኛው ሳምንት በሁለት እግሩ ዘሎ ቅልጥሟን አደማው። እሷ በሸሸች ቁጥር እሱ ጨመረ፤ እሱ በጨመረ ቁጥር እሷ የበሽታው ኃይል ነው እያለች ባሰባት። ውኃ የሚያመጡ ሴቶች በር ላይ እንስራቸውን አውርደው ይጣራሉ እንጂ መግባት ተዉ። እንቁላል የሚወስደው የመምህሩ አሽከር አንድ ቀን እንቁላሉንም መጫሚያውንም ጥሎ ሮጠ።

ይህን ያዩት ጎረቤቷ አያ ዳኛው ናቸው። አያ ዳኛው ማክሰኝት ገበያ በግና ዶሮ ሲነግዱ ያረጁ፣ አሁን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን የሚገመግሙ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ጠሯት።

"ሐረጉ፣ ምነው ይሄን ሽፍታ አላረድሽውም?"

"ኧረ አይታረድም፣ አያ ዳኛው።"

"ምነው?"

"እሱ ካለ ወዲህ ጭልፊት ጫጩት ወስዶብኝ አያውቅም" አለች። ይህ እውነት ነበር፤ ግን ምክንያቷ አልነበረም።

"እንግዲያው ጌትነቱን ንጠቂው" አሉ ሽማግሌው። "ስሚኝ። አውራ ዶሮ የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ከሁለታችን ማን ይለቃል ነው የሚልሽ። አንቺ ዘወር ባልሽለት ቁጥር እኔ እለቃለሁ አልሽው። ዱላም እንዳታነሺ፤ ዱላ ካነሣሽ ተፋላሚ መጣልኝ ብሎ ይብስበታል። ሲመጣብሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ከዚያ ክንፉን ከገላው አጣብቀሽ አንሺውና ብብትሽ ውስጥ ክተቺው። ራሱን በእጅሽ ዝቅ አድርጊ። ሚስቶቹ እያዩት ግቢውን አዙሪው። እስኪረጋ ድረስ እንዳታወርጂው። ከእግሩ ኋላ የበቀለችውን ሹል ነገርም ጫፏ እስኪደንዝ በድንጋይ ፈግፍጊያት።"

"ልቀፈው ነው የሚሉኝ?"

"እንደ ሕፃን ልጅ!"

ለአያ ዳኛው ነገሩ ዶሮ ነው። ለሐረገወይን ግን የልጇን ትኩሳት ከደረቷ መለጠፍ ነበር። ሦስት ቀን አቅማማች። በአራተኛው ቀን ገብስማው ክንፉን ጎትቶ ሲመጣባት ሳትሸሽ ቆመች፤ ስሙን የማላውቀው ቅዱስ ሁሉ በዚያች ቅጽበት በስሙ ተጠርቷል። ዘሎ ሲያርፍባት በሁለት እጇ ያዘችውና ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ገላው ይፋጃል። የዶሮ ገላ ሁልጊዜም ትኩስ መሆኑን ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ስታረባ የኖረች ሴት ታጣዋለች? ያን ቀን ግን ጠፋት። "ይኸው፣ እውስጡ ነው ያለው" አለች በሆዷ። በላባው ሥር ልቡ ሲሮጥ ይሰማታል፤ የእሷም ልብ ይሮጣል። እንዲህ ሆነው ግቢውን ሰባት ጊዜ ዞሩ፤ ዶሮዎቹም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተመለከቱ።

በየቀኑ ደገመችው። በየቀኑም ጥቂት ጥቂት ረጋ። የጥቅምት ወር ሳያልቅ ስትመጣ መንገድ ይለቅላት ጀመር፤ የእግሩም ሹል ደነዘ። አያ ዳኛው በአጥሩ ላይ ሆነው "አላልኩሽም?" አሉ። የተገዛው ግን ለእሷ ብቻ ነበር። አስናቀች ስትወጣ ያው ገብስማ ነው፤ ሌላ ሰው ሲገባም ያው ገብስማ። ዶሮ ከአንዱ ጋር ያደረገውን ስምምነት ለሌላው አያስተላልፍም።

ኅዳር ሃያ አምስት ቀን አስናቀች ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ሰጠኝ አሉት። ሐረገወይን እልል አለች፤ እልልታዋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ ወደ ቆጡ ሄደ። ዶሮዎቹ የሚያድሩት እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከአራሷ መደብ ፊት ለፊት ነው። ከላይ ገብስማው አንገቱን ሰብሮ አዲሱን ለቅሶ ያዳምጣል።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። ዶሮውን ማጀት ወስዳ ትልቅ ቅርጫት ደፋችበት፣ ላዩ ላይም ድንጋይ ጫነች። ደግሞ ታፍኖ ይሞትብኝ ይሆን ብላ ድንጋዩን ታነሣለች። ድንጋዩን ስታነሣ አምልጦ ሕፃኑ ላይ ይወጣ ይሆን ብላ ትመልሰዋለች። ማለዳ ስትነሣ መጀመሪያ የልጅ ልጇን፣ ቀጥላ ዶሮውን ታያለች። አንዳንድ ቀን ዶሮውን ቀድማ ታየዋለች፤ ያን ቀን ሙሉ ታፍራለች።

እንደ ዕድል ወሩ ጾም ነበርና እስከ ገና ድረስ እረጂው የሚላት አልነበረም። ለገናም እንቁላል ያቆመች አንዲት ዶሮ አቅርባ አለፈች። አስናቀች ግን "ምነው እማዬ፣ አውራው እያለ?" ብላ ነበር። ሐረገወይን አጎንብሳ ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች።

ጥር ሦስት ቀን ፀሐዩ ደማቅ ነበር። አስናቀች ልጇን ቅቤ ልትቀባ ግድግዳው ሥር ቁርበት አንጥፋ አስተኛችው። ቅቤው ቤት ውስጥ ቀርቶባት ልታመጣ ዘወር አለች። ሐረገወይን ጥሬ ልታበላ ገብስማውን ከቅርጫቱ ያወጣችው ያኔውኑ ነበር። ነፋስ የሕፃኑን መጠቅለያ አንዴ ገለጥ አደረገው። ነጭ ነገር ሲውለበለብ ያየው ዶሮ ክንፉን ጣለ፤ በጎን በጎን ሄደ፤ ዘለለ።

ሐረገወይን እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም። ዶሮውን ከሕፃኑ ደረት ላይ መንጭቃ ብብቷ ውስጥ ስትከተው ሰጠኝ ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ ይጮህ ነበር። ከቅንድቡ በታች፣ ከዓይኑ በላይ፣ አንዲት ቀጭን የደም መሥመር ወጥታለች። ትንሽ ዝቅ ብትል ኖሮ ዓይኑ ነበር።

አስናቀች ቅቤውን ጥላ መጣች። ልጇን ታቀፈች፣ ፊቱን አየች፣ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች።

"ስጪኝ እሱን!"

"አይሆንም።"

"እማዬ፣ ስጪኝ አልኩሽ! የልጄ ዓይን ሊጠፋ ነበር እኮ!"

ሐረገወይን ዶሮውን እቅፍ አድርጋ ጀርባዋን ለልጇ ሰጠች። ድንጋዩ ቢመጣ ጀርባዋን እንዲመታ ነው። "አስረዋለሁ። ገመድ አለኝ፣ አስረዋለሁ። እሱን ብቻ አትንኪብኝ" አለች። ድምጿ የለማኝ ድምፅ ነበር።

አስናቀች አንዴ እናቷን፣ አንዴ ዶሮውን ረዘም አድርጋ አየች። ከዚያ ድንጋዩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች። ሐረገወይን እዚያው ቆማ አለቀሰች። የልጅ ልጇን ዓይን ከልጇ ነፍስ ጋር አስተያይታ ዓይኑን አሳልፋ እንደ ሰጠች ታውቃለች። ክፉ አያት ነኝ አለች። ደግሞም እንደገና ምረጪ ብትባል ያንኑ እንደምትመርጥ አወቀችና ራሷን ፈራች።

በማግስቱ አለኸኝ ለልጁ የሰፋውን ነጭ ልብስ ይዞ ከቆላ ድባ ደረሰ። ጥር አምስት የሕፃኑ አርባኛ ቀን፣ የክርስትናው ዕለት ነው። ክርስትና አባቱ አያ ዳኛው ናቸው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ቀርተው ምሳውን ሊሠሩ ተስማምተዋል። ሐረገወይን ለጸሎት ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት የቅርጫቱን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ነካች፤ ከሥሩ ገብስማው ጉሮሮውን ሲያንኮራኩር ሰማች።

ክርስትናው ደስ ይል ነበር። ሰጠኝ ውኃው ሲነካው ጮኸ፣ ማዕተቡ አንገቱ ላይ ሲታሰር ዝም አለ። አስናቀች ከአርባ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ፊቷ ወዝ ነበረው፤ ጉንጯ ሞልቷል። ሐረገወይን ከሩቅ አየቻትና በሐምሌ ያየቻትን ልጅ አስታወሰች። "ይብቃኝ፣ ከዚህ በላይ አልለምንም" አለች። ወደ ቤት የተመለሰችው እንግዶቹን ቀድማ በፈጣን እርምጃ ነው፤ ለዶሮው ጥሬ ሳልሰጠው ረፈደ ብላ።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ዶሮዎቹ በየቦታቸው ይጭራሉ። ማጀት ውስጥ ቅርጫቱ በጀርባው ተገልብጧል፤ ድንጋዩ ከጎኑ ተቀምጧል። ከማጀቱ ጀርባ ገብስማ ላባ ተጠርጎ ተከምሯል።

ወይዘሮ ትርንጎ ከጭሱ ውስጥ ራሳቸውን አወጡ። "እሰይ መጣሽ! ሸጋ ሆኖልሻል፤ ጎረምሳ ነው፣ ሥጋው አላስቸገረኝም።"

"ማን አረደው?"

"አማችሽ ነዋ። አንቺ እንደ ወጣሽ።"

ሐረገወይን ምሰሶውን ያዘች። ልትጮህ ፈለገች፤ ግን እንግዶቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ገብተዋል፣ ማዕዱ ቀርቧል። ቢላዋው አርፏል። የአስናቀችን ግንባር አየች፤ ላብ ይሁን የፀሐይ ወዝ ይሁን የሚያብረቀርቅ ነገር አየችበት። ጸሎቱ ሲደገም አንድም ቃል አልሰማችም። እማማ ጽጌሬዳ ስለ መብላት ያሉት ነገር የለም። ሐረገወይን ግን በዚያች ቅጽበት ለራሷ ሕግ አወጣች፤ ሥጋው ከአስናቀች አፍ ካልገባ ገና ተስፋ አለ። ሌላ ሰው ቢበላው ደግሞ ሸክሙ ወደ በላው ይሄዳል።

ቄሱ ባረኩ። አያ ዳኛው ከወጡ መካከል ቅልጥሙን መርጠው "ለእናቲቱ" ብለው አስናቀች ፊት አኖሩላት። አስናቀች አነሣችው።

ሐረገወይን ከተቀመጠችበት ተነሥታ በማዕዱ ላይ ተንጠራርታ ከልጇ እጅ ነጠቀችው። በቄሱ ፊት፣ በአማቿ ፊት፣ በክርስትና አባቱ ፊት። ቅልጥሙን አፏ ውስጥ ከተተችና ቆማ ታኝከው ጀመር። ወጡ በአገጯ ላይ ወረደ። አለኸኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ወይዘሮ ትርንጎ "የአራስ ጉርሻ!" ብለው አፋቸውን ያዙ።

አስናቀች ብቻ አልደነገጠችም። እናቷን በቀሚሷ ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ጆሮዋ ሥር ተናገረች።

"ነቅቼ ነበር እኮ፣ እማዬ።"

"መቼ?"

"ያኔ። ዝናቡ ሲዘንብ። ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ እንጂ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እኔንም ውሰደኝ ስትይው ሰምቻለሁ። ለምን አንቱ እንደምትይውም አውቅ ነበር።"

ሐረገወይን ማኘኳን አቆመች። "ታዲያ እያወቅሽ ምነው አሳረድሽው? ምነው ልጄ? ወዳንቺ ነው እኮ የሚመለስ!"

"የልጄን ዓይን ነዋ ያየሁት" አለች አስናቀች። "አንቺ ያኔ ለእኔ ያልሽውን፣ እኔም ለእሱ አልኩ።"

ሐረገወይን ልትቆጣት ሞከረች፤ ቁጣው ከየት ይምጣ? ራሷን ልትቆጣ ካልሆነ በቀር። አጥንቱ ላይ ገና ሥጋ ቀርቷል። አስናቀች ከእናቷ እጅ ወሰደችው፣ ሥጋውን ለሁለት ሰነጠቀችው። አንዱን ለእናቷ አጎረሰቻት፤ ሌላውን ራሷ ጎረሰች።

"ከመጣም ለሁለታችን ይምጣ" አለች።

ሐረገወይን ዋጠች። ከዚያ ግራ እጇን አንሥታ በልጇ ግንባር ላይ አኖረች። ግንባሩ ቀዝቃዛ ነበር። አያ ዳኛው እንዳላዩ ሆነው ስለ ማክሰኝት ገበያ ማውራት ጀመሩ፤ ሌሎቹም እንዳላዩ ሆነው አዳመጡ። እሷም እንግዶቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው እስኪነሡ ድረስ እጇን ከዚያ ግንባር ላይ አላነሣችም።